ሞጁሉና ኪታቡ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ሐኪም ሊሆን ያሰበም ይሁን መሐንዲስ፣ በመጀመሪያው ዓመት «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባለውን ትምህርት ሳይወስድ አያልፍም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም እንደ ሌሎቹ ያስተምረዋል። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሲሆን ስድስት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ፍልስፍና ምንድን ነው ብሎ ከግሪኮች ይነሳል፤ ስለ ህላዌ፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ መልካምና ክፉ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ወደ አመክንዮ ይገባል። ስለዚህ «ጀማሪ ሙስሊም የምዕራቡን ፍልስፍና ይማር ወይስ ይቅርበት?» የሚለው ክርክር ጉና ተራራ ሥር ላደገ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጊዜው አልፎበታል። ከገሳይ ወጥቶ ደብረ ታቦር ይመደብ ጅማ፣ መስጊድ ቂርአት ላይ ተቀምጦ ያደገም ሆነ ያልተቀመጠ፣ ነገሩ ተወስኖለታል። ያልተወሰነው በየትኛው በር ይግባ፣ ማንስ ይዞት ይግባ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሰዎች አይስማሙም፤ የማይስማሙበትም ምክንያት በየወገኑ የሚናቅ አይደለም።

ጥንቃቄ ይደረግ የሚሉት ብዙ ጊዜ ዕውቀት ፈሪ ተደርገው ይሳላሉ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ ላይ ያስተማሩት የሐዲስ ሊቅ ኢብኑ ሰላሕ ፍልስፍናን ብቻ ሳይሆን አመክንዮንም የሚከለክል ፈትዋ ሰጥተዋል። ኢማም ነወዊም ከእሳቸው ጋር ይቆጠራሉ። ነወዊ ደግሞ ለአገራችን የሻፊዒ ደረሳ የሩቅ ስም አይደሉም፤ ፊቅህ ሲቀራ ሚንሃጅ የተባለው መጽሐፋቸው ላይ መድረሱ አይቀርም። አልጄሪያዊው አል-አኽደሪ በ1534 እ.ኤ.አ. ሱለም የተባለችውን 144 ቤት የመንጢቅ፣ ማለትም የአመክንዮ፣ መማሪያ ሲገጥሙ ጉዳዩን አልሸፋፈኑትም። ክልክል ነው ያሉ አሉ፣ መታወቅ አለበት ያሉም አሉ፣ የሚታመነው ግን አእምሮው የበሰለና በቁርአንና በሐዲስ የጸና ሰው ቢማረው ይፈቀድለታል የሚለው ነው ብለው ሦስቱንም አቋም መግቢያው ላይ አስቀምጠዋል። ይህን ሲጽፉ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ነበር፤ የዛሬ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዕድሜ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ተከራካሪ ተደርገው የሚጠሩት ሁለቱ ታላላቆች በጀማሪው ጉዳይ መስማማታቸው ነው። ኢማም ገዛሊ በ1095 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት ተሃፉት በተባለው መጽሐፋቸው ፈላስፎቹን በሃያ ነጥብ ሞገቱ፤ በሦስቱ ነጥቦች ከእምነት ያስወጣል ብለው ፈረዱባቸው። በ1111 ሊያርፉ ሲቃረቡ ደግሞ ተራው ሰው ከከላም፣ ማለትም ከነገረ መለኮት፣ ክርክር እንዲርቅ የሚመክር መጽሐፍ ጻፉ። የኮርዶባው ኢብኑ ሩሽድ ለተሃፉት መልስ የጻፉ፣ ፍልስፍናን ማጥናት ለሚችለው ሰው ሸሪዓው ራሱ ያዘዘው ግዴታ ነው ብለው የተሟገቱ ናቸው። ነገር ግን እሳቸውም የጠለቀውን ትርጓሜ ላልደረሰ ሰው መዘርገፍ ጥፋት ነው ይላሉ። አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው ጠበቃ፤ ጀማሪውን በተመለከተ ግን ሁለቱም ቀስ በሉ አሉ።

ይህን ጥንቃቄ የሚያጸድቅ ነገር ሞጁሉ ውስጥም አለ። የተለመዱ የክርክር ስሕተቶች በሚዘረዘሩበት ምዕራፍ፣ ስለ ነገሩ በማያውቅ ሰው ቃል መመስከር አንዱ ስሕተት ተብሎ ተቀምጧል። ተማሪው ይህን ይዞ ለኢድ አገሩ ይገባል። ሸኹ ስለ ዘካ ሲናገሩ «ኢማም እንትና እንዲህ ብለዋል» ይላሉ። ልጁ «ይሄማ ፋላሲ ነው!» ይላል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱ የማያውቀውን ሰው ምስክር ማድረግ እንጂ የሚያውቀውን መጥራት አይደለም፤ የዘካን ሕግ ከፊቅህ ሊቅ ካልጠየቁት ከማን ይጠየቃል? ይባስ ብሎ በእምነት መሠረቶች ላይ ከሞጁሉ የጠነከረው ኪታቡ ሆኖ ይገኛል። በ1490 እ.ኤ.አ. ያረፉት የትለምሳኑ ሰኑሲ በትንሿ የዐቂዳ መጽሐፋቸው ሰው አምላኩን በጭፍን ተከትሎ ሳይሆን በማስረጃ እንዲያውቅ ይጠይቃሉ። ልጁ ሰኑሲን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ለሸኹ የተሻለ ጥያቄ ይዞ በመጣ ነበር።

ጥርጣሬው ከኪታብ ብቻ የመነጨም አይደለም፤ የዚህ አገር ታሪክም አለበት። ምዕራቡ በደብረ ታቦር አካባቢ ጎልቶ የታየው በመጽሐፍ ሳይሆን ከከተማዋ አጠገብ ባለው በጋፋት መድፍ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት የእነ ዋልድማየር ቡድን ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የመሰለ መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣንና ትምህርት ተያይዘው ሲመጡ ሙስሊሙ ዋጋ ከፍሏል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በአዋጅ ወደ ክርስትና ሊያስገቡ ተነሱ፤ ያን ጊዜ ከቤተ መንግሥት የሚመጣ ትምህርት ምን ማለት እንደነበር በየቤቱ ሲወራ ኖሯል። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደርግ መጣ። የምዕራቡን ፍልስፍና በብዙኃኑ ዘንድ፣ ያውም በአማርኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰራጨው የደርግ የውይይት ክበብ ይመስለኛል። የተሰራጨው ግን አንድ ፈላስፋ ከነደቀ መዛሙርቱ ነው፤ እሱም እንደ አዋጅ። ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነትን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አደጋ ነበረው። ያው መንግሥት ኢድና መውሊድን በብሔራዊ በዓልነት ያወጀ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ በአንድ እጁ ክብር ሰጠ፣ በሌላው አምላክ የለም የሚል መማሪያ ዘረጋ። ይህን ያየ አባት ልጁ «ፍልስፍና ተማርኩ» ሲለው ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልሂድ። እነዚህ «ምን አስፈራችሁ፣ የእኛው ነው» ይላሉ። ማስረጃቸው የዋዛ አይደለም። ፖርፊሪ የተባለው የጢሮስ ሰው ለአርስጣጣሊስ አመክንዮ የጻፈው መግቢያ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአል-አብሀሪ እጅ ኢሳጉጂ ሆኖ ተሰናድቶ፣ የደረሳ መማሪያ ሆነ። ሱለምም የዚያው ልጅ ናት። በወሎ የቂርአት ቤቶች የዐረብኛ ሰዋስዉን፣ ነህውና ሰርፍን፣ ከጨረሰ በኋላ መንጢቅ የገባ ደረሳ በሞጁሉ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ያሉትን አራት ዓይነት አባባሎች፣ ሁሉም ነው፣ ማንም አይደለም፣ አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም የሚሉትን፣ ሲያይ የድሮ ጎረቤቱን ያገኘ ያህል ነው። ሰኑሲን የቀራ ደግሞ ግድ የሆነውን፣ የማይሆነውንና ሊሆንም ላይሆንም የሚችለውን ለይቶ ያውቃል፤ የአውሮፓ ፈላስፎች ስለ እነዚህ ሦስቱ የጻፉት ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። የግዕዙ ጎንም ቢሆን ከዚህ አልራቀም። በ1510ና በ1522 እ.ኤ.አ. መካከል አባ ሚካኤል ወደ ግዕዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ ከዐረብኛ የተቀዳ ነው፤ ምንጩም ወደ ባግዳዱ ተርጓሚ ወደ ሁነይን ኢብኑ ኢስሐቅ ይመለሳል። የሶቅራጥስ ምክር ወደ ክርስቲያኑ ደብር የመጣው በዐረብኛ በኩል ነው ማለት ነው። ቶማስ አኳይናስም ኢብኑ ሩሽድን «ተንታኙ» እያለ ሲጠቅስ ኖሯል። የኢብኑ ጡፈይልን ሐይ ኢብኑ የቅዛን የተባለ ትረካም በ1671 በላቲን ታትሞ አውሮፓ አንብባዋለች።

እዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ። የምለያቸው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «የእኛው ነው» የሚለው ቃል ሩጫው ፈጣን ነው፤ ጥቂት ቆይቶ «ሁሉንም ከእኛ ነው የሰረቁት» ይሆናል። ፈላስፋው ዴካርት በ1641 ሁሉን ልጠራጠር ሲል ገዛሊ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ይህን ብለውታል ይባላል። እውነት ነው፣ ተጠራጥረዋል። ግን ገዛሊን ከጥርጣሬው ያወጣቸው አላህ በልባቸው የጣለው ብርሃን እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ዴካርት የወጣው «አስባለሁና አለሁ» ብሎ በራሱ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ሁለቱንም አለማንበብ ነው። የባሰው ጉዳት ደግሞ ጀማሪውን ማስነፉ ነው። ነገሩ ሁሉ ከቤቱ የወጣ ከሆነ ምን አስለፋው?

በ«የእኛው ነው» እና በ«አይነካም» መካከል ኢብኑ ተይሚያን ማየት ይጠቅማል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በአገራችን የተስፋፋው ከከላም የራቀ የዐቂዳ ትምህርት ኢብኑ ተይሚያን በጣም ያከብራል። እሳቸው በመንጢቅ ሰዎች ላይ የጻፉት መልስ የታወቀ ነው። ነገር ግን መልሱን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ሰውዬው የሚነቅፉትን ትምህርት ከጠበቆቹ አብልጠው ያውቁት ነበር። ትርጉም የሚሰጥበትን መንገድ፣ ቂያስ የተባለው አመክንዮአዊ ድምዳሜ የሚቆምበትን እግር አንድ በአንድ ነው የሚነቅሉት። ከፊል የዘመናችን ምሁራን በልምድ ላይ ከሚመሠረተው የአውሮፓ ፍልስፍና ጋር የሚያነጻጽሯቸውም ለዚህ ነው። የእሳቸውን ስም እየጠራ መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚከለክል ሰው ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አልወረሰም።

ሦስተኛው ወገን የአስተማሪው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ሥራውን ስለሚሠራ ክርክሩ አይሰማለትም። እሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ ክፍሌ ውስጥ ሙስሊም አለ፣ የቆሎ ተማሪ የነበረ አለ፣ ጴንጤ አለ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ በር ልከፍት አልችልም፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ያን አይፈቅድልኝም። ደግሞስ መልሱ አስቀድሞ ታውቆ የሚጠየቅ ጥያቄ ምኑ ፍልስፍና ነው? ሶቅራጥስን ከነጥያቄው ልቀበል ካልሆነ ባላስተምረው ይሻላል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። አንድ ሙስሊም ተማሪ «ለእኔ እምነት የሚስማማውን ብቻ አምጡልኝ» ካለ ሊያውቅ አልመጣም፤ ሊመረቅ ነው የመጣው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ሕዝብ ልጁን የላከው ለዚያ ብቻ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ አስተማሪው «እኔ ለማንም አላደላም» ሲል ማመን የለብንም። የፍልስፍናን ታሪክ ከአቴንስ አንስቶ ወደ ፓሪስና ኤዲንብራ ማዝለል ራሱ ምርጫ ነው። በርትራንድ ራስል በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምዕራብ ፍልስፍና ታሪክ ለሙስሊሞቹ አንዲት አጭር ምዕራፍ ሰጥቶ፣ ፈጣሪዎች ሳይሆኑ አስተላላፊዎች ናቸው ብሎ ዘጋው። ይህን ያነበበ ጀማሪ ፍልስፍናን ብቻ አይማርም፤ በዚህ ድግስ ላይ አባቶቹ ወጥ አቅራቢ እንጂ ተጋባዥ እንዳልነበሩም ይማራል። ስሕተት ስለሆነ ይታረም እላለሁ እንጂ ልጁን ስለሚያስከፋ አይደለም።

ለሁሉም የሚሆን በር ከቤታችን አለ የሚሉ አሉ፤ ዘርዐ ያዕቆብ ጻፈው የሚባለውን የግዕዝ የፍልስፍና ድርሰት፣ ሐተታን፣ ማለታቸው ነው። ነገሩ ለዚህ አካባቢ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በገሳይ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚወርደው የቻይና መንገድ ከሩቅ ወሎን፣ ከቅርብ ጋይንትን ያገናኛል። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ካፑቺን መነኩሴ በ1850ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሐተታውን ለተመራማሪው አንትዋን ዳባዲ ሲልክ የተቀመጠው በዚሁ ጋይንት፣ ቤተልሔም ነበር፤ የድጓው ቤተልሔም። ዘርዐ ያዕቆብ ኖርሁበት የሚለው እንፍራዝም ሩቅ አይደለም። ቅጂው ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ የመነኩሴው የራሱ ድርሰት ነው ብሎ ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ፍልስፍና ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ክርክሩ በዘመናችንም እንደ ገና ተቀጣጥሏል። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ይህን የጻፈው ማን ነው፣ በምን እናውቃለን ብሎ መጠየቅ የሐዲስ ሰነድ ሲመረመር ያየ ደረሳ ቶሎ የሚገባው ሥራ ነው።

ችግሩ ይዘቱ ነው። ሐተታው ልቡናን ዳኛ አድርጎ ሃይማኖቶችን ሁሉ ይፋረዳል፤ ሙስሊሙን በብዙ ሚስትና በባሪያ ንግድ፣ ክርስቲያኑን በምንኩስናና በጾም ይነቅፋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ወቀሳው ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ልጆች እኩል ስለሚነካ «እናንተን ነው» የሚባባሉበት ክፍተት ይጠባል። ለመጀመሪያው ሳምንት ግን አልመርጠውም። ገና የክርክርን አጥንት ለይቶ ያላወቀ ልጅ በነቢዩ ላይ የተሰነዘረ ቃል ካነበበ ክርክሩን አያይም፤ ስድቡን ብቻ ነው የሚያየው።

እንግዲህ የእኔን ልናገር። በሩ አመክንዮ ይሁን፤ ሞጁሉም ሱለምም በዚህ ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል። ከዚያ በኋላ ግን ከታሌስ እስከ ሳርትር ያለውን ስም መቁጠር ትቶ አንድ ጥያቄ ይዞ መቆየት ይሻላል። እኔ ብሆን የምይዘው የምክንያትን ጥያቄ ነው። የጉና ውርጭ ሌሊት ይወርድና የገሳይ ድንች ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ገበሬው ውርጭ መታው ይላል። ገዛሊ በተሃፉት አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ እሳትና ጥጥን አንስተው እንዲህ ይሞግታሉ፦ ያየኸው አንዱ ከሌላው ጋር መሆኑን እንጂ አንዱ ሌላውን ማድረጉን አይደለም፤ አድራጊው አላህ ነው፣ ሁልጊዜ ተከታትለው ማየትህም እሱ ያጸናው ልማድ ነው። ፈላስፋው ሂዩም በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ግማሽ በራሱ መንገድ ይለዋል፤ ማድረጉን አላየንም። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን ልማዱ የእኛ ነው፣ የአእምሯችን ነው ይላል። ኢብኑ ሩሽድ በበኩላቸው ምክንያትን የካደ ዕውቀትን ካደ ብለው ለገዛሊ፣ ሳያዩትም ለሂዩም ይመልሳሉ። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ተማሪው ምዕራብና ምሥራቅ የሚለውን ይረሳዋል። ሂዩምን «የገዛሊ ሌባ» ሳያደርግ፣ ገዛሊንም «የሂዩም አጎት» ሳያደርግ፣ መለያያቸው የት ላይ እንደሆነ በጣቱ ያሳያል። በካሊፎርኒያ በርክሌይ በ2009 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዘይቱና ኮሌጅ የእስላሙንና የምዕራቡን ኪታብ በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያስተምራል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዕውቅና አግኝቷል። እዚህ ሌላ ኮሌጅ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህን የሚያስተምር ሰው አሥር ገጽ ይበቃዋል።

ለጠንቃቆቹ የምሰጠው መልስ ከገዛሊ የተዋስኩት ነው። እሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ሁለት አደጋ ያያሉ። አንዱ፣ ፈላስፎቹ በሒሳብ ትክክል ስለሆኑ በአምላክ ጉዳይም ትክክል ናቸው ብሎ የሚከተል ነው። ሌላው የእስልምና ጅል ወዳጅ ነው፤ ሃይማኖትን የረዳ መስሎት ስለ ግርዶሽ የሚሰሉትን ሒሳብ ጭምር ይክዳል፣ ሰሚው ግን ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ስለሚያውቅ እስልምና በድንቁርና ላይ የቆመ ይመስለዋል። ሞጁሉ በተጀመረበት በዚያው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርታ ታየች፤ ሰዓቱና ቦታው አስቀድሞ ተሰልቶ ይታወቅ ነበር። የግርዶሽ ሰላት የሰገደ ሙስሊም ስሌቱን መካድ አላስፈለገውም። ኢብኑ ሰላሕ ሲከለክሉ ደረሳው ሊያስወግደው የሚችል ነገር ከለከሉ። ዛሬ ልጁ ሊያስወግደው አይችልም፤ ፈተና አለበት። አስተማሪው ጥሎት የሚሄደውን ጥያቄ ሸኹ ካላነሱት ቴሌግራም ያነሳዋል።

የሚቀረው የማረሚያው ነገር ነው፤ ይህን የሚያነሳ ብዙ ሰው ባይኖርም እኔን ያሳስበኛል። ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ተጠይቆ ተማሪው መጨረሻ ላይ «አላህ ያውቃል» ብሎ ቢጽፍ ስንት ይሰጠው? አስተማሪው ይህ መልስ አይደለም ሊል ይችላል። ሸኹ ደግሞ ፈትዋ ሁሉ የሚዘጋው በዚህ ነው ይላሉ። ፈትዋውን ግን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ነው፤ ሙፍቲው ጥያቄውን አስቀምጦ፣ የተለያዩትን አስተያየት ዘርዝሮ፣ ማስረጃውን መዝኖ፣ የመረጠውን ተናግሮ ነው ወላሁ አዕለም የሚለው። ልጁ ገዛሊን፣ ሂዩምንና ኢብኑ ሩሽድን አስረድቶ፣ የራሱን መርጦ፣ ለምን እንደመረጠ ጽፎ ከዘጋው ነጥቡ አይቀነስበት። ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፎት ወረቀቱን ባዶ ከመለሰ ግን ዜሮ ይሰጠው፤ ሸኹም ቢሆኑ ለደረሳቸው ከዚህ በላይ አያዝኑለትም።